«ማነው የታመመው?»

የእድራችን ዳኛ ይህን ሲጠይቁኝ በእጄ በያዝኩት ወረቀት ላይ የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም ነበር። የታማሚ ስም አይደለም። አንድ እሑድ ጠዋት ከመገናኛ ተነስተን በብስክሌት እንጦጦ ማርያም ድረስ ልንወጣ የተስማማን ጓደኛሞች ስም ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዘመድ ወዳጅ «ይህን ዳገት ከጨረስክ እሰጣለሁ» ብሎ ቃል የገባው ብር ተጽፏል። ገንዘቡ ለካንሰር ምርምር ነው አልኳቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት።

«ምርምሩንስ ሰማሁ። ማነው የታመመው?»

«ማንም» አልኩ። «ማለቴ… ለወደፊቱ ነው።»

«እና ለማን ነው የምናዋጣው?»

ያን ዕለት የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ነገሩ ግን ከንክኖኝ ሰነበተና ሳነብ፣ ስጠይቅ ቆየሁ። የዛሬው ጽሑፍ ለእሳቸው ያልመለስኩት መልስ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጥያቄያቸው ተራ ጥያቄ አይደለም። እድር የሚያውቀው ስም ያለው ሰው ነው። ጥሩምባው ሲነፋ የሟች ስም ይጠራል፣ ቤቱ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል። የአዲስ አበባን እድር ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይወስዱናል። ከገጠር መጥቶ ከተማ የገባ ሰው፣ በተለይም ከጉራጌ የመጣው ሠራተኛና ነጋዴ፣ ዘመድ በሌለበት ቢሞት ማን ይቀብረዋል የሚለው ጭንቀት ነው መነሻው ይላሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ እየሰፋ ሄደ። ይህች ከተማ ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ ሬሳ የሚያነሳ ጠፍቶ እንደነበር ሲወራ ነው ያደግነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጨስ የምናስታውሰው ያንን ነው።

ታዲያ እድር ከቀብር ሌላ አያውቅም ማለት ስህተት ይሆናል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ በየቤቱ ሲገባ ወርኃዊ መዋጮው ለቀብር አልበቃ አለ። በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ድንኳን የሚተክሉ እድሮች ነበሩ። ያኔ በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመን ማስታመም፣ ወላጅ ያጣን ልጅ መርዳት ጀመሩ። ከሟች ወደ ታማሚ አንድ እርምጃ ተራመዱ ማለት ነው። እኔ ጋሼን የጠየቅኳቸው ሁለተኛውን እርምጃ ነው፦ ከታመመው ወደ ገና ወዳልታመመው።

ይህ ከባድ ነው። ለታመመ ሰው ስንሰጥ እንዴት እንደምንሰጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየቴሌግራሙ የሚዞር ፎቶ አለ፤ አፍንጫው ላይ ቱቦ የተደረገለት ልጅ፣ አጠገቡ የቆመች እናት፣ «ሐኪሞች ወደ ሕንድ ሄዶ እንዲታከም ወስነዋል» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በመገናኛ አደባባይ ሲያልፍ ከመስኮቱ ዐሥርና ሃምሳ ብር የሚወረውረው ስንቱ ነው! ፊቱን አይቶ ነው የሚሰጠው። «አንድ ብር ለአንድ ልብ» የተባለው ዘመቻም የተሳካው ለዚህ ይመስለኛል። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የመሠረቱት ድርጅት በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል እስከመክፈት የደረሰው፣ ተማሪው ሁሉ ያችን አንድ ብር ሲያወጣ በዓይነ ሕሊናው አንድ ልጅ ይታየው ስለነበረ ነው።

ምርምር ፊት የለውም። ይህ ችግር የእኛ ብቻም አይደለም፤ አሜሪካኖቹም ገጥሟቸው ነበር። የፈቱበት መንገድ ደግሞ የብስክሌቱን ነገር ስለሚያብራራ ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የሚባል የሕፃናት ፓቶሎጂስት የደም ካንሰር ለያዛቸው ልጆች ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት መስጠት ጀመረ። መድኃኒቱን የቀመመው ቡድን መሪ የላፕራጋዳ ሱባራው የሚባል ሕንዳዊ ነበር። በዓመቱ ፋርበር ውጤቱን ሲያሳትም፣ ከ16 ልጆች በ10ሩ ላይ መሻሻል ታይቷል። መሻሻሉ ጊዜያዊ ነበር፤ በሽታው ተመልሶ መጣ። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ሉኪሚያ ያለበት ልጅ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ከመሞት ሌላ ዕጣ አልነበረውም። አሁን መድኃኒት ሊነካው እንደሚችል ታወቀ። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ ብዙ ገንዘብ።

ግንቦት 1948 እ.ኤ.አ. አንድ የራዲዮ ፕሮግራም በቀጥታ ወደ አንድ ልጅ የሆስፒታል አልጋ ተላለፈ። ልጁ የአንጀት ካንሰር የያዘው የ12 ዓመት ታማሚ ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ «ጂሚ» አሉት። የሚወዳቸው የቤዝቦል ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ሲገቡ አገሩ በራዲዮ ሰማ። ጂሚ ጨዋታ የሚያይበት ቴሌቪዥን እንዲገዛለት ገንዘብ ላኩ ተባለ። የታሰበው 20 ሺህ ዶላር ነበር፤ የገባው ከ200 ሺህ በላይ ሆነ። ጂሚ ቴሌቪዥኑን አገኘ፣ ፋርበር ደግሞ የምርምር ገንዘቡን። ሁሉም ሰው ልጁ ሞቷል ብሎ ሲያስብ ኖሮ ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ አይናር ጉስታፍሰን የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር «ጂሚ እኔ ነኝ» ብሎ ብቅ አለ። አያት ሆኗል።

ብስክሌቱ የመጣው ከዚህ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ነው። ቢሊ ስታር የሚባል ወጣት እናቱን በቆዳ ካንሰር አጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጓደኞቹን ሰብስቦ 36 ሆነው የማሳቹሴትስን ግዛት በብስክሌት አቋርጠው ለፋርበር ተቋም 10 ሺህ 200 ዶላር አሰባሰቡ። «ፓን ማስ ቻሌንጅ» ይባላል፤ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል። እስካሁን ያስገባው ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በዚያው በ1980 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ቴሪ ፎክስ የተባለ በካንሰር አንድ እግሩን ያጣ የ21 ዓመት ወጣት በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሳ። አልጨረሰም፤ በሽታው ሳንባው ላይ ወጥቶ በዓመቱ ሞተ። በስሙ የሚደረገው ሩጫ ግን በብዙ አገሮች እስካሁን ቀጥሏል።

አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ጂሚ ፊቱን ሰጠ፣ እነዚህ ደግሞ ላባቸውን ሰጡ። ፊት የሌለውን ነገር ለማስታወስ አንድ ሰው ተነስቶ ገላውን ያደክማል፣ ዘመዱም ያንን ድካም አይቶ ይከፍላል። አንድ ጓደኛዬ «ብስክሌት መንዳትና ካንሰር ምን አገናኛቸው? ዝም ብላችሁ ገንዘቡን ስጡ!» ብሎ ስቆብናል። ለእኛ ግን ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የሚሄድ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ስለቱን የሚያደርስ ሕዝብ ነን እኮ። ጸሎቱን ቤቱ ተቀምጦ ማድረስ እንደሚችል አጥቶት አይደለም።

ስፖርትንና ምጽዋትን ማያያዙም ቢሆን ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልደረቦቹ በ1994 ዓ.ም. የጀመሩት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። አዲሱ ነገር ብስክሌቱ ነው። እሱም ቢሆን ከምናስበው ይልቅ የቆየ ታሪክ አለው።

ብስክሌት በኢትዮጵያ ስፖርት ውስጥ የማራቶን ታላቅ ወንድም ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት፣ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ኤርትራ ያኔ በፌዴሬሽን ከእኛ ጋር ስለነበረች የዚያ ልጆችም በቡድኑ ውስጥ ነበሩ። አስመራ ውስጥ ጣሊያኖች የተከሉት የብስክሌት ፍቅር ሥር ሰዶ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገር አቋራጭ ውድድር ይደረግ ነበርና። የእኛም አፍ ላይ ቢሆን ጣሊያን ያላሳረፈው ቃል የለም፤ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ማርሽ፣ ፖምፓ፣ ጎሚስታ። ከዚያ በኋላ ብስክሌት የመቀሌና የባሕር ዳር ሆነ። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው።

አዲስ አበባ ግን ዳገት ናት። እኔ ባደግሁበት ኮተቤ ብስክሌት ማለት የመጫወቻ ኪራይ ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት ተከፍሎ፣ ደብተር መያዣ ተሰጥቶ፣ ፍሬን በሌለው ሳይክል ቁልቁለት መውረድ። ትልቅ ሰው ሲነዳ ካየን ወይ ፈረንጅ ነው ወይ ፖስተኛ። ነገሩ የተለወጠው በቅርቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በተወሰኑ እሑዶች መኪና ሲታገድ ልጆች ዋና ጎዳና ላይ ብስክሌት ይዘው ወጡ። በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ ይዞ ተከፈተ። በኮሪደር ልማት የታደሱት መንገዶች ላይም የብስክሌት መስመር ተሠምሯል። መስመሩ ላይ የሚሄደው እግረኛ ከብስክሌተኛው ቢበዛም፣ መስመር መኖሩ አንድ ነገር ነው።

በጥር ወር እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መገናኛ ተገናኘን። በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል ቀበና፣ ከዚያ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ፣ አሜሪካን ኤምባሲን አልፈን ሽሮ ሜዳ። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ጀግና ነበርን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አየሩ ይሳሳል፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከመርካቶ የገዛሁት ያገለገለ ብስክሌቴ ማርሹ እየዘለለ አስቸገረኝና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ነው ሦስት ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ያለፉኝ። እያንዳንዷ ከ30 ኪሎ የማያንስ ሸክም ጀርባዋ ላይ አለ። አንደኛዋ ቀና ብላ «አይዞህ ወንድሜ» አለችኝ። ሳቅም ዕፍረትም አንድ ላይ መጡብኝ። ይህ ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ላጣችው ዋና ከተማ የተተከለ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የዚህች ከተማ እሳት በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ወርዷል። ለእነሱ ድካም ቃል ገብቶ ወረቀት ላይ ስሙን ያሰፈረ የለም።

ይህን ዳገት ሳውቀው የመጀመሪያዬ አይደለም። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ጡቷ ላይ ያበጠውን ነገር ለማንም ሳትናገር ከዓመት በላይ ይዛው ከቆየች በኋላ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ስትገባ ቢጫውን ጀሪካን የምሸከምላት እኔ ነበርኩ። ፀበሉን ልወቅስ አይደለም። እዚያ ያገኘችውን ሰላም ሌላ ቦታ አላገኘችውም፤ ስለ በሽታዋ ደፍራ ያወራችውም ከእሷ ጋር ከሚጠመቁ ሴቶች ጋር ነው። ችግሩ ሐኪም ዘንድ የሄደችው ነገሩ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። በ2009 ዓ.ም. አረፈች። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ እድሩ ሥራውን በደንብ ሠራ።

እዚህ ላይ ጂሚን ከአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ጎን ላቁመው። ማቲዎስ ወንዱ በሉኪሚያ የሞተው በአራት ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ወንዱ በቀለና አምሳለ በየነ በ1996 ዓ.ም. በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ያለው የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ውስጥ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጀመረው ብቻ ነበር፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማም ብቸኛው ሆኖ ቆየ። ጅማንና ሐሮማያን የመሳሰሉ ማዕከላት የመጡት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። የጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ራሱን ችሎ የቆመውም ማቲዎስ ከሞተ ዐሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሶሳይቲው ከክፍለ ሀገር መጥተው ማረፊያ ለሌላቸው ታማሚዎች ማደሪያ ከፈተ። ስለ ትምባሆ ሲከራከር ኖሮም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስን ሲከለክል ከታገሉት አንዱ ነበር። አንድ ቤተሰብ ከራሱ ሐዘን ተነስቶ ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ሠርቷል።

ግን ተመልከቱ። በጂሚ ራዲዮና በማቲዎስ ሞት መካከል ከ50 ዓመት በላይ አለ። ፋርበር የጀመረው ምርምር በነዚያ ዓመታት ውስጥ ፍሬ አፍርቶ ዛሬ በሀብታም አገሮች በጣም የተለመደው የልጆች ሉኪሚያ ከያዛቸው ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይድናሉ። መድኃኒቱ ተገኝቷል ማለት ነው። እዚህ ነው ጓደኛዬ የሚያሸንፈኝ የሚመስለው፦ «ምርምሩ አልቋል። እኛ የጎደለን ሕክምናው ነው። በእኛ ሳንቲም ምን ሊገኝ ነው? ለአንድ ታማሚ የመድኃኒት ግዙበት።»

የዚህን ክርክር ግማሽ እቀበላለሁ። ላቦራቶሪ አንከፍትም። ነገር ግን ምርምር ማለት ነጭ ጋወንና ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው ብሎ ማን ነገረን? ዴኒስ በርኪት የተባለው ሐኪም ዩጋንዳ ውስጥ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ካንሰር አየ። ያደረገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና ተሳፍሮ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ፤ በየሆስፒታሉ እየገባ «ይህን በሽታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያለ ጠየቀ፤ መልሱንም ካርታ ላይ ምልክት አደረገ። በሽታው ሙቀትንና ዝናብን ተከትሎ እንደሚሄድ ያወቀው በዚህ ነው። ከዚህ ተነስቶ ነው ለንደን ያለው አንቶኒ ኤፕስቲን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 ከሰው ካንሰር ጋር የተያያዘውን የመጀመሪያ ቫይረስ ያገኘው። መጠየቅና መቁጠር ነው፤ መንዳትም አለበት።

እኛም አገር ቢሆን መቁጠር ታላቅ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተከፈተው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በዚህች ከተማ በዓመት ስንት ሰው በየትኛው ካንሰር እንደሚያዝ የሚናገር ቁጥር አልነበረም። መዝገቡ ሲከፈት ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሴቶች እንደሆኑ፣ ከሴቶቹም የጡት ካንሰር ቀዳሚው፣ የማኅፀን በር ካንሰር ተከታዩ እንደሆነ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ 77 ሺህ ገደማ አዲስ ታማሚ፣ ከ51 ሺህ በላይ ሞት ተብሎ በዓለም አቀፍ ሰነድ የተጻፈው ግምት በዋናነት ይህንኑ የአንድ ከተማ መዝገብ ተንተርሶ የተሠራ ነው። የጋምቤላን ሴት፣ የአፋርን ሴት የምንገምታት በአዲስ አበባ ሴት ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። የጡት ካንሰር ዕጢ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚመገብና የማይመገብ ተብሎ ይከፈላል። የሚመገበው ዓይነት ታሞክሲፌን በሚባል በቀን አንዴ በሚዋጥ ክኒን ይታገዳል፤ ክኒኑ አሮጌና ርካሽ ነው። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው የማይመገበው ዓይነት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ ክኒኑ ለእነሱ ብዙም አይረዳም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ሐሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያውያት ዕጢ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ግን ከሦስት ሴቶች የሁለቱ ገደማ ዕጢ የሚመገበው ዓይነት መሆኑን አሳየ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ሴትዮዋ በር ላይ ያለው ርካሽ ክኒን «ለአንቺ አይሆንም» ተብሎ ይቀር ነበር። ቦስተን ያለ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅልንም፤ የእሱ ጥያቄ አይደለምና። የአክስቴ ዕጢ ለእንዲህ ዓይነት ምርመራ አልደረሰም።

ለጋሼ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሆነው ደግሞ የእህቴ ልጅ ናት። 14 ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤቷ ውስጥ ክንዷን ተወጋች። ኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትን ለዚህ ዕድሜ ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ የቆመው ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ካንሰር የሚያመጣው የተለመደ ቫይረስ ነው ብሎ፣ ብዙዎች ሳያምኑት፣ በፈለገው ነገር ላይ ነው። ያኔ ለእሱ ምርምር ገንዘብ የሰጠ ሰው «ማነው የታመመው?» ቢባል የእህቴን ልጅ አያውቃትም፤ አልተወለደችም። እሷም የምታስታውሰው መርፌው እንዳሳመማትና የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዳለፋት ብቻ ነው።

ወደ ብራችን ልመለስ። እንጦጦ ማርያም ደጅ ላይ ከአሥራ ሁለታችን ዐሥሩ ደረስን። ሁለቱ ሽሮ ሜዳ ፍርፍር ሲበሉ አገኘናቸው፤ ቃል የተገባላቸውን ግን ከራሳቸው ኪስ ከፈሉ። በድምሩ 61 ሺህ 300 ብር ሆነ። ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ከዳገቱ የበረታ ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ በጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶችን ከሕክምና በኋላ የምትከታተል አንዲት ወጣት ተመራማሪ አገኘን፤ ስሟን እንዳልጠቅስ ለምናኛለች። ሥራዋ ስልክ መደወል ነው። አለሽ? ክኒኑን ትወስጃለሽ? ካቋረጥሽ ለምን? የምትፈልገው ገንዘብ ለሞባይል ካርድና ስልክ ለማያነሱት ቤታቸው ድረስ ለመሄጃ ትራንስፖርት ነው። የእኛ 61 ሺህ ብር ለእሷ ብዙ ነው።

ይህን ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። ስለ በርኪትም፣ ስለ ራዲዮውም፣ ስለ ክትባቱም አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። የተመራማሪዋ ጋ ስደርስ ግን አቋረጡኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይቺ ልጅ የምትጽፈው ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄማ የእኛ ሥራ ነው እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ከዚህ በፊትም ተደርጓል። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየመካነ መቃብሩ የሚቀበረውን ሰው እያስመዘገቡ፣ የሟችን ቤተሰብ እየጠየቁ ኤድስ ስንት ሰው እንደሚገድል ለክተዋል። ኋላም የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ የጎልማሶች ሞት መቀነሱን ያሳዩት በዚያው የቀብር መዝገብ ነው።

ጋሼ ከቁም ሳጥኑ የእድሩን መዝገብ አወጡ፤ ጥግ ጥጉ የተበላ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር። የሟች ስም፣ ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የፈረመው ቤተሰብ። በሽታ የሚል ዓምድ የለውም። መነጽራቸውን አወረዱና በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። «ይሄ ስኳር ነበረበት። ይቺ በወሊድ። ይሄ… ጉሮሮው ላይ ወጥቶበት፣ ምግብ አልወርድ ብሎት። ይቺ ማኅፀኗን ነው አሉ፣ ልጆቿ ደብቀው። ይቺ ጡቷን።» ጣታቸው እዚያ ቆመ። የአክስቴ ስም ነው። ከጎኑ ያለው ፊርማ የእኔ ነው፤ ገንዘቡን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፣ ረስቼው።

ትንሽ ቆይተው ገጹን ገለጡ፣ መቁጠራቸውንም ቀጠሉ። ሲጨርሱ የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ገብተው ሁለት መቶ ብር አወጡ።

«ደረሰኝ አለህ?» አሉኝ።